ምዕራፍ ሰባት፦ ድንበሩን ማሳየት

ባለፈው ምዕራፍ ስለ እምነታችን ለሚጠይቀን ጎረቤት እንዴት እንደምንመልስ አይተናል። ጎረቤት ሲጠይቅ ቡና ተፈልቶ ነው። ጥያቄው ከከበደ ነገም ይቀጥላል፤ ባንግባባ እንኳ ለዕድርና ለለቅሶ መገናኘታችን አይቀርም። ባለሥልጣን ሲጠይቅ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ጠያቂው የማሰር፣ የመቅጣት፣ ከሥራ የማሰናበት ኃይል አለው። የተናገርነው በወረቀት ይሰፍርና መዝገብ ሆኖ ይቀመጣል። መልሱ ከመላሹ አልፎ ቤተሰቡንና ማኅበረ ምእመናኑን ይነካል።

በምዕራፍ ሁለት «ዕቅበተ እምነት» ማለት እምነትን ከነቀፋ መጠበቅ፣ ለሚጠይቅም ምክንያቱን ማስረዳት ነው ብለን ነበር። ብዙ ሰው ይህን ትምህርት የመምህራን ክርክር ይመስለዋል። የተወለደው ግን በክስ ውስጥ ነው። ዮስጢኖስ ሰማዕት እ.ኤ.አ. በ155 ገደማ የጻፈውን መከላከያ የላከው ለሮሙ ንጉሠ ነገሥት ለአንቶኒኖስ ፒዮስ ነበር። ጠርጡልያኖስ በ197 የጻፈው ለሮም ግዛት ገዢዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ብዕር ያነሡት ወንድሞቻቸው በፍርድ አደባባይ እየቆሙ ስለነበር ነው። ስለዚህ በባለሥልጣን ፊት የሚሰጠው መልስ የዚህ ትምህርት ሥሩ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የወሰኑ ድንጋይ

ቡለን በመተከል ዞን የሽናሻ፣ የጉሙዝ፣ የአማራ፣ የአገውና የኦሮሞ ልጆች አብረው የሚኖሩባት ወረዳ ናት። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም፣ የአባቶቹን ልማዳዊ እምነት የያዘውም በአንድ ገበያ ይገናኛል። እዚያ ሁለት ገበሬዎች በማሳ ወሰን ተጣሉ እንበል። ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ከሳሹ ተነሥቶ «ማሳዬን ገፍቶ ገባ» ይላል። ተከሳሹ የሚመልሰው በብዙ መንገድ ሊሆን ይችላል። «አካባቢው ሁሉ የአያቴ ነበር» ብሎ የከሳሹንም መሬት ጨምሮ ሊጠቀልል ይችላል። ወይም ጠብ ፈርቶ «ይውሰደው» ብሎ የልጆቹን እንጀራ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። አስተዋይ ከሆነ ግን ሽማግሌዎቹን ይዞ ማሳው ድረስ ይሄዳል። ሣሩን ገልጦ የወሰኑን ድንጋይ ያሳያቸዋል። «እስከዚህ የእሱ ነው፤ አንድ ክንድ አልነካሁም። ከዚህ ወዲህ ግን ከአባቴ የወረስኩት ነው» ይላል።

ሽማግሌ የሚያምነው ይህን ሰው ነው። የሚያምነውም የሌላውን ድርሻ አስቀድሞ ስላመነ ነው። የባልንጀራውን ማሳ ሳይሸሽግ የሚያሳይ ሰው የራሱን ወሰን ሲያሳይ ቃሉ ይከብዳል።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። በባለሥልጣን ፊት ስለ እምነት የሚሰጥ መልካም መልስ ድንበር የሚያሳይ መልስ ነው። የመንግሥት የሆነውን «ያንተ ነው» ይላል፤ ግብሩን፣ ጸጥታውን፣ በሕግ የመጠየቅን መብቱን ያምንለታል። ከድንጋዩ ወዲህ ያለውን ደግሞ፣ ሰው ማንን እንደሚያመልክ፣ ማንን ጌታ ብሎ እንደሚጠራ፣ የአንተ አይደለም ይላል። የሕግ ሰዎች «የዳኝነት ሥልጣን» የሚሉት አሳብ ለዚህ ቅርብ ነው፤ አንድ ፍርድ ቤት ሊሰማው የሚችለውንና የማይችለውን ጉዳይ የሚለይ ወሰን ማለት ነው። ጌታችን በጲላጦስ ፊት መንግሥቱ ከዚህ ዓለም እንዳልሆነች ሲመልስ ለአገረ ገዢው ድንጋዩን ያሳየው ነበር።

ጭብጡ ምንድን ነው?

የዚህን መልስ አሠራር ለማየት ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 እስከ 26 የሚሻል ቦታ አላውቅም። ብዙዎቻችን ምዕራፎቹን ስለ ጳውሎስ ድፍረት እንሰብክባቸዋለን። ድፍረቱ አለ። እኔን ከድፍረቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የክርክሩ ጥራት ነው።

ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ተይዞ አገረ ገዢው ፊልክስ ወዳለበት ወደ ቂሣርያ ተወሰደ። ከአምስት ቀን በኋላ ሊቀ ካህናቱ ሐናንያ ጠርጠሉስ የሚባል ተናጋሪ ጠበቃ ይዞ ወረደ። ጠርጠሉስ በምስጋናና በውዳሴ ጀምሮ ክሱን አቀረበ። ሰውየው በዓለም ባሉ አይሁድ መካከል ሁከት ያስነሣል፤ የናዝራውያን ወገን መሪ ነው፤ ቤተ መቅደሱንም ሊያረክስ ሞክሯል። ክሱ እንዴት እንደተገመደ እንመልከት። ሁከት የሮም ጉዳይ ነው፤ ገዢው ሊቀጣበት ይገባል። የናዝራውያን ወገን መሆን የእምነት ጉዳይ ነው። ጠበቃው ሁለቱን አንድ ላይ ስለፈተላቸው ክሩን ያልለየ ሰሚ «ናዝራዊ መሆን ራሱ ሁከት ነው» ብሎ ይሄዳል።

ጳውሎስ ክሩን ይተረትረዋል። ከሁከቱ ይጀምራል፤ ወደ ኢየሩሳሌም ከመጣሁ ከአሥራ ሁለት ቀን አይበልጥም፣ በመቅደስም ሆነ በምኩራብ ሕዝብ ሳሳድም ያገኘኝ የለም፣ ማስረጃም ሊያቀርቡ አይችሉም ይላል። ቀኑንና ቦታውን ይጠራል፤ ማስረጃ ይጠይቃል። ይህ የገዢው ማሳ ስለሆነ በገዢው ሕግ ይመልስለታል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ክር ይሻገርና እነርሱ ኑፋቄ የሚሉትን መንገድ እከተላለሁ ብሎ በግልጽ ያምናል። አልሸሸገም። የሙታን ትንሣኤ ተስፋ እንዳለውም ይናገራል። በመጨረሻም በመቅደስ ያዩኝ ከእስያ የመጡ አይሁድ ናቸው፣ ከሳሽ ከሆኑ እዚህ መቆም ነበረባቸው ይላል። የዓይን ምስክር ያልቀረበበትን ክስ ገዢው እንዴት ይቀበላል?

በእኛ አገር ችሎት የተመላለሰ ሰው «ጭብጥ መያዝ» የሚለውን አነጋገር ያውቀዋል። ጭብጥ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ የማይስማሙበት፣ ዳኛውም ሊወስንበት የሚገባው ነጥብ ነው። ጭብጡ በትክክል ካልተያዘ እውነቱን የያዘ ሰው እንኳ ይረታል። ጳውሎስ ያደረገው ጭብጡን ማጥራት ነው። ሁከት ስለመኖሩ ማስረጃ የለም፤ የቀረው የትንሣኤ ጥያቄ ነው፤ እርሱ ደግሞ በሮም ሕግ አይዳኝም።

መልሱ ግቡን እንደመታ የምናውቀው ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ፊልክስ ጳውሎስን በእስር ትቶት ሄደ፤ በቦታው የመጣው ፊስጦስ ነገሩን ለንጉሥ አግሪጳ ሲያስረዳ፣ ከሳሾቹ እኔ የጠረጠርኩትን ዓይነት ወንጀል አላቀረቡበትም፣ ክርክራቸው ስለ ራሳቸው ሃይማኖትና ጳውሎስ ሕያው ነው ስለሚለው ስለ ሞተው ኢየሱስ ነው አለ። እንዲያውም ለቄሣር ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጨነቀው። አገረ ገዢው በገዛ አፉ የወሰኑን ድንጋይ ጠራ!

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ እንድንለው የምፈልገው ሌላ ነው። ጳውሎስ ይግባኙን ወደ ቄሣር ሲያቀርብ፣ ሞት የሚገባው በደል ሠርቼ ከሆነ ከሞት አልሸሽም ብሏል። ክርስቲያን ስለሆንኩ አትዳኘኝ አላለም። ከወንጀል ክስ ነፃ የሚያደርግ ሃይማኖት የለውም። የቄሣርን ወንበር በቄሣር ማሳ ላይ ሙሉ በሙሉ ስላከበረ ነው በቀረው ላይ «አይሆንም» ሲል ቃሉ የጸናው።

ስም ወንጀል ሲሆን

ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የሮም ሹሞች ድንጋዩን ማየት አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ በጳንጦስና ቢታንያ፣ በዛሬዋ ሰሜን ቱርክ፣ ገዢ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ደብዳቤ ጻፈ። አሠራሩን ሲገልጽ፣ የተከሰሱትን ክርስቲያን መሆናቸውን ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ፣ በመልሳቸው የጸኑትን አስገድላለሁ፣ የሮም ዜግነት ያላቸውን ወደ ሮም እልካለሁ ይላል። የሚክዱት ለንጉሠ ነገሥቱ ምስል ዕጣንና ወይን እንዲያቀርቡና ክርስቶስን እንዲሰድቡ ይደረጋል። የሠሩትን በደል ሲመረምር ያገኘው ግን በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩና እንዳይሰርቁ፣ እንዳያመነዝሩ፣ አደራ እንዳይበሉ መሐላ እንደሚገቡ ነው። ትራያንም ሲመልስ ሰዎቹ ታድነው አይፈለጉ፣ ስም የሌለው ክስ አይሰማ፣ ተከስሰው የተረጋገጠባቸው ግን ይቀጡ አለ።

የጴጥሮስ አንደኛ መልእክት ከተላከላቸው አገሮች መካከል ጳንጦስና ቢታንያ ይገኛሉ። ለሚጠይቃችሁ ሁሉ በየዋህነትና በፍርሃት መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ የሚለው ምክር የደረሰው ለዚያ አገር ሰዎች ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ጥቅሱን እንደ ቀላል ምክር አንብቤው አላውቅም።

ዮስጢኖስ ለንጉሠ ነገሥቱ ሲጽፍ የያዘው ነጥብ አንድ ነው። ስም አይቀጣም፤ የሚቀጣው ሥራ ነው። ክርስቲያን ተብሎ የሚጠራ ሰው በደል ከሠራ በበደሉ ይጠየቅ፤ ካልሠራ ስሙ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም። ዮስጢኖስ ራሱ በ165 ገደማ በሮም ከንቲባ በሩስቲኩስ ፊት ቀርቦ ተገደለ። ነጥቡ በሕይወቱ ዘመን አልተሰማለትም፤ እኛ ግን ዛሬ በሕግ መጽሐፋችን «ያለ ድርጊት ወንጀል የለም» ስንል እርሱ በከንቱ የጮኸበትን እንናገራለን።

ሌላ አንድ ነገር ከሰምርኔስ ላክል። አረጋዊው ጳጳስ ፖሊካርፖስ በስታዲየም መካከል በአገረ ገዢው ፊት በቆመ ጊዜ፣ ገዢው ሕዝቡን አሳምን አለው። ፖሊካርፖስ ግን ለአንተ ምላሽ መስጠት ይገባኛል፣ ሥልጣን ላላቸው የሚገባውን ክብር እንድንሰጥ ተምረናልና፣ ለዚህ ለሚጮህ ሕዝብ ግን መከላከያ ማቅረብ አይገባኝም አለ። የሞቱን ፍርድ የሚሰጠውን ሰው አከበረ። የሚያቃጥለውን እሳት ሊያስነሣ ለሚችል ባለሥልጣን ይህን ክብር መስጠት ፍርሃት አልነበረም፤ የፈራ ሰው «ክርስቶስን ስደብ» ሲባል እሺ ይል ነበር።

ንጉሡም ክርስቲያን ሲሆን

እስካሁን ያየነው ገዢው ሌላ አማልክትን ሲያመልክ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ የሚያስተምረን ከባዱን ነው፤ ዳኛውም ተከሳሹም በአንድ መስቀል ሲምሉ። 

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከትግራይ ከአጋሜ የተነሡት አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቻቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት የቀረቡት በዚህ ምክንያት ነው። ስግደት ለሥላሴ እንጂ ለንጉሥ አይገባም አሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ታሪካቸውን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ለመጽሐፉ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» የሚል ስም ሰጡት። በሃይማኖታቸው ዝርዝር ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጋር የነበራቸው ክርክር ሰፊ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ክርክራቸው የት ላይ እንደቆመ ነው፤ ንጉሡን ንጉሥ አይደለህም አላሉትም፤ ከግንባራቸው የትኛው ስግደት የእርሱ፣ የትኛው የፈጣሪ እንደሆነ ግን ሊለዩለት ፈለጉ። ብዙ መከራ ተቀበሉበት።

ለቡለን አንባቢ የሚቀርበው ታሪክ ግን ዓባይን ተሻግሮ በነቀምት የሆነው ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በኢሉባቦር ተወልደው በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጡ፤ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥተው በስዊድን ወንጌላውያን ተልእኮ ትምህርት ቤት ተማሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተረጎሙ፤ በሥራው ከአስቴር ጋኖ ትልቅ እገዛ አግኝተዋል፤ ሙሉው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። በ1904 ነቀምት ገብተው ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ሕዝቡንም በቋንቋው ሰበኩ። የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀብለዋቸው ነበር።

ከዚያ ክስ ተነሣ። የአካባቢው ካህናት ድንግል ማርያምን ይሰድባሉ ብለው ከሰሷቸውና እ.ኤ.አ. በ1906 በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ጳጳሱ እንዲሰደዱ ወሰኑ። ነገሩ ወደ ዐፄ ምኒልክ ደረሰ። ምኒልክ የስደቱን ፍርድ ሻሩ፤ ኦነሲሞስ ወደ ነቀምት ይመለሱ፣ ነገር ግን አይስበኩ አሉ።

በዚህ ፍርድ ላይ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ጳጳሱ የተጠየቁት የትምህርተ ሃይማኖት ጥያቄ ነበር፤ እርሱም በእርግጥ የቤተ ክርስቲያን ማሳ ነው። ቤተ ክርስቲያን «ይህ ትምህርታችን አይደለም» ማለት ትችላለች። ሰውን ከአገር ማስወጣት ግን የንጉሡ ሥልጣን ነው። እኔ እንደማነብበው ምኒልክ ትምህርቱ ልክ ነው ወይም ስሕተት ነው ሳይሉ፣ በራሳቸው ማሳ ላይ ብቻ ፈረዱ፤ ሰውየው ይኑር፣ ያስተምር፣ አገር የሚያውከው ነገር ይቁም። ፍጹም ፍርድ ነበር አልልም፤ በአሁኑ ሕጋችን ቢታይ ስብከትን መከልከል የሃይማኖት ነፃነትን መንካት ነው። ቢሆንም ሰውን በእምነቱ ምክንያት ከአገሩ ከማፈናቀል ይልቅ ብዙ እርምጃ ወደ ድንጋዩ የቀረበ ነው።

ኦነሲሞስስ ምን አደረጉ? ወደ ነቀምት ተመልሰው በትምህርት ቤታቸው ተወሰኑ። ልጆችን ፊደል አስቆጠሩ፤ በራሳቸው ቋንቋ ማንበብን አስተማሩ። የተተወላቸውን መሬት አረሱት፣ ክልከላውንም በአደባባይ አልተጋፉም። የስደት ዛቻው እ.ኤ.አ. በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ሲፈቅዱላቸው አበቃ። እስከ 1931 ኖረው በነቀምት አረፉ። ለአሥር ዓመት ያህል የቆየ ትዕግሥት ነው። ይህን ትዕግሥት ሽንፈት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በወለጋ ዛሬ በአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ አንድ አረጋዊ ካለ፣ የንባቡ ሐረግ ወደዚያ ትምህርት ቤት ይመለሳል።

ዳኛው ወራሪ ሲሆን፣ ችሎትም ሲጠፋ

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥያቄው «ይህ ማሳ የማን ነው?» ከሚለው ያልፋል፤ ዳኛው ጨርሶ ዳኛ ነው ወይ የሚል ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኢጣሊያ ጦር ፍርድ የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስ የቆሙት እዚህ ላይ ነው። ሕዝብ አሳምፀዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ሌሎች የቤተ ክርስቲያን አባቶች ለኢጣሊያ ሲገዙ እርስዎ ብቻ ለምን? ተብለው ተጠየቁ። ምላሻቸው እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ለአገሬና ለቤተ ክርስቲያኔ ኃላፊነት አለብኝ፣ የምቀበለውም የፈጣሪዬን ፍርድ ነው የሚል መንፈስ ነበረው። ጳውሎስ የቄሣርን ወንበር ሲያከብር እርሳቸው የወራሪውን ወንበር ያላከበሩት የሚጋጭ ነገር ሆኖ አልታየኝም። ወሰን የሚለየው ዳኛ መጀመሪያ የተሾመ ዳኛ መሆን አለበት።

ደርግ የመጣበት መንገድ ደግሞ ወንበሩን ራሱን ያጠፋ ነበር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ክርስቲያን በማኅበረሰቡ ውስጥ ስላለው ድርሻ ጽፈው ነበር፤ ከአገር እንዲወጡ የቀረበላቸውን ዕድልም አልተቀበሉም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከአምልኮ ሲወጡ ታፈኑ። ክስ አልተነበበላቸውም፤ መልስም አልተጠየቁም። አፅማቸው የተገኘው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ይህን ታሪክ የማነሣው የዚህ ምዕራፍ ትምህርት የሚሠራበትን ወሰን ላለመደበቅ ነው። ድንጋይ ለማሳየት ሽማግሌ መቀመጥ አለበት።

ከደርግ ጥቂት ቀደም ብሎ የሆነውም ለእኛ ይጠቅማል። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የሃይማኖት ሥርዓትን መፈጸም ነፃ ነበር፤ ለፖለቲካ ካልዋለ፣ ጸጥታንና መልካም ጠባይን ካልጎዳ። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ ያቀረበችው ጥያቄ ተከለከለ። ነሐሴ 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለአምልኮ የተሰበሰቡ 250 ያህል አባላቷ ተያዙ። የጠርጠሉስን ክር አስታውሱ፤ ጥፋት የተባለው ያልተፈቀደ ስብሰባ ነበር እንጂ እምነት አልነበረም። መመዝገቢያውን ዘግቶ ሳይመዘገቡ ተሰበሰቡ ብሎ መክሰስ የወሰኑን ድንጋይ በሌሊት አንሥቶ ማሳ ገፋችሁ እንደማለት ነው።

በጣቢያው ጠረጴዛ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ድንጋዩን ከቀደሙት ይልቅ በግልጽ ተክሎታል። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገቡም ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝ፣ ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በይፋም ሆነ በግል የማምለክና የማስተማር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያው አንቀጽ ግን የመንግሥትንም ማሳ ያሳያል፤ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብ ሞራልና የሌሎች ሰዎች መብት እንዲጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ ይችላል።

ይህ ለቡለን ሰው ምን ማለት እንደሆነ አንድ ምሳሌ እንፍጠር። አንድ ወጣት የጸሎት ማኅበር መሪ ነው። ማኅበሩ ማታ ማታ በአንድ ቤት ይሰበሰባል። የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠርተውት «እናንተ በሌሊት የምትሰበሰቡት ምን ልትዶልቱ ነው? ይህን አዲስ ሃይማኖታችሁን ትታችሁ እንደ ሰው አትኖሩም?» ይሉታል። ወጣቱ ተቆጥቶ «እኛን የሚጠይቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው» ቢል የመንግሥትን ማሳ ጠቅልሎ ወሰደ። ፈርቶ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ አንጸልይም» ቢል ደግሞ የራሱን ለቀቀ።

«ጋሼ» ይበል፣ «የማታ ስብሰባ የሚያሳስብዎት በቂ ምክንያት አለ። ማን እንደሚመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደምንጀምርና እንደምንጨርስ ልንገርዎት፤ ከፈለጉ መጥተው ይዩን። የሰዓት እላፊ ከታወጀ እናከብራለን። ጸሎታችንና እምነታችን ግን የሚፈቀድ ወይም የሚከለከል ነገር አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱም ይህን ጠብቆልናል።»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለማግባባት ብቻ አይበለው። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በዚሁ ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰዎች በተኙበት ተገድለዋል። ያንን ሌሊት የሚያውቅ አገር ባለሥልጣኑ ስለ ማታ ስብሰባ ሲጠይቅ ጥያቄው እውነተኛ ነው። ወገኑን የቀበረ ሰው ስለ ጸጥታ ሲጠይቀኝ ሙሉ መልስ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ያንን መልስ ስሰጠው ነው ስለ እምነቴ የምናገረውን ሊሰማኝ የሚችለው።

ነገሩ ከቀበሌ አልፎ ጣቢያ ቢደርስ ማወቅ የሚገባን ጥቂት ነገር አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል፤ ላለመናገር መብት አለው፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቡለን ያለችበት ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የጉሙዝ ወይም የሽናሻ እናት ግን የልቧን የምትናገረው በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 27 አስተርጓሚው የጥያቄውንና የመልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። በእምነት ጉዳይ ይህ ሕይወት ነው። «ለክርስቶስ እንገዛለን» ያለ ሰው ቃሉ «ለመንግሥት አንገዛም» ተብሎ ከተጻፈ ጠርጠሉስ ያለ ድካም ረታ ማለት ነው። የተጻፈው ይነበብልኝ፣ ያላልኩት ካለ ይታረም ማለት ይገባል፤ ከዚያ በፊት አለመፈረም።

የቀረው ዝምታ ነው። ጌታችን ለጲላጦስ መለሰ፤ ተአምር ለማየት ብቻ ለጓጓው ለሄሮድስ ግን አንዳች አልመለሰም። ሁሉ ጥያቄ መልስ አይገባውም። በተለይ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ሌሎቹ እነማን ናቸው?» የሚለው።  ስለ ራሴ እምነት ስጠየቅ የምመልሰው የራሴ ስለሆነ ነው። የባልንጀራዬ እምነት የእርሱ ማሳ ነው፤ ለማሳየትም ለመደበቅም ሥልጣኑ የእርሱ ነው። ስለዚህ ወጣቱ የማኅበሩ መሪ ስሙን፣ እምነቱን፣ የሚሰበሰቡበትን ሰዓት ይናገር። ወንጀል ተሠርቷል ተብሎ በምስክርነት ካልተጠራ በቀር የሌሎችን የእምነት ታሪክ ሲጠየቅ «እነሱን ጠይቋቸው» ይበል፤ በአክብሮት፣ ድምፁን ሳያነሣ። የምስክርነቱን ጉዳይ፣ ምስክር ሆኖ የተጠራ ክርስቲያን ምን መናገር እንደሚገደድ፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ እንመለከታለን።